መተማ ለወረደችው ልጄ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ በሹፌሩ የላከችው በሶ ከደረሰሽ «ደረሰኝ» በይ፤ ሁለት ቀን ሙሉ በር በሩን ስታይ ነው የዋለችው።

ትናንት ማታ አክስትሽ ስልኳን ይዛ «ልጅህን እያት» እያለች ገባች። በቴሌግራም የለቀቅሽውን አየሁት። ቢጫ ማሊያ የለበሰው ልጅ ሂላው፣ የታሰረው የሰሊጥ ነዶ ክምር፣ አጠገብ ቆሞ ለአጨዳው በስንት እንደተነጋገረና ስንት እንደሰጡት ይናገራል። ፊቱ ቁልጭ ብሏል። የቋሪት ልጅ መሆኑን አንደበቱ ይመሰክራል። ከኋላው የቆመው መኪና ታርጋ ሳይቀር ይነበባል። ቀረፃው ጥሩ ነው፣ አልዋሽሽም። ግን ከመተማ ተነስቶ ቡሬ የደረሰ ምስል የሠራተኞቹ አለቃ የካቦው ስልክ ውስጥ ሳይገባ ይቀራል? ይህን እንዳነበብሽ አጥፊው።

ፊቱን አታውጪው። አንቺ ፊልምሽን ጨርሰሽ ትመጫለሽ፤ እሱ ነገ ጠዋት እዚያው ካቦ ፊት ነው የሚቆመው።

«ፊልም ሠሪው ዳግማዊ ይመር ፊት አሳይቶ የለም ወይ?» እንደምትይኝ አውቃለሁ። አዎ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. ከጓደኞቹ ጋር በሠራው ፊልም፣ በሱዳንና በሊቢያ በረሃ ያለፉ ወገኖቻችን ፊታቸው እየታየ ያዩትን ይናገራሉ። እሱም ያንኑ መንገድ አልፎ በ2006 እ.ኤ.አ. የጣሊያን ደሴት ላምፔዱዛ የደረሰ ሰው ነው። ልዩነቱን ግን ተመልከቺ፤ የሱ ሰዎች የተናገሩት ሮም ገብተው ነው። ያንቺው ልጅ ገና ሂላው ሥር ነው፤ የሚበላውም የሚሳፈርበትም በሌላ ሰው እጅ ነው።

አደበዝዘዋለሁ ካልሽ፣ ማደብዘዝ ግማሽ ሥራ ነው። ሰው በአረማመዱ፣ በጫማው፣ በእጁ ጠባሳ ይታወቃል። ድምፁን ማጎርነንም አያስተማምንም፤ ያጎረነነው ፕሮግራም መልሶ ሊያቀጥነው ይችላል። የሚሻለው ቃሉን አንድ ሳይጎድል ጽፈሽ ሌላ ሰው እንዲያነበው ማድረግ ነው። ኡስማን ሴምቤን፣ ማርሴይ ወደብ ላይ ሸክም ያወረደው ሴኔጋላዊ፣ በ1966 እ.ኤ.አ. ከዳካር ፈረንሳይ ለቤት ሠራተኛነት ስለሄደችው ዲዋና ፊልም ሲሠራ፣ የምናያት ምቢሲን ቴሬዝ ዲዮፕን ነው፤ የልቧን ሲነግረን የምንሰማው ድምፅ ግን የሄይቲዋ የቶቶ ቢሴንት ነው። የሱ ምክንያት ሌላ ነበር፤ ዘዴው ግን ላንቺም ይሆናል። ስልክሽ የተቀረፀበትን ቦታ እንዳይመዘግብም ዝጊው።

ስለ ማጂዮራኒ ነግሬሽ ነበር? ላምቤርቶ ማጂዮራኒ፣ ሮም ውስጥ የፋብሪካ ሠራተኛ። ቪቶሪዮ ዴ ሲካ በ1948 እ.ኤ.አ. «የብስክሌት ሌቦች» የተባለውን ፊልም ሲሠራ፣ አንድ አሜሪካዊ ፕሮዲዩሰር የሆሊውዱን ኮከብ ካሪ ግራንትን ዋና ተዋናይ ካደረግህ ገንዘቡን እሰጣለሁ ብሎት ነበር። ዴ ሲካ እምቢ አለና ይህን ሠራተኛ መረጠ። ማስታወቂያ ለመለጠፍ ብስክሌት የግድ የሚያስፈልገው፣ ያቺኑ ብስክሌት በመጀመሪያው ቀን የተሰረቀበት አባት ሆኖ ተጫወተ። ዓለም ጉድ አለ። ከዚያ ሰውዬው ወደ ፋብሪካው ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ ሠራተኛ ሲቀነስ እሱን ቀነሱት፤ በፊልሙ ሚሊዮኖች ያገኘ መስሏቸው። ግንብ ሠራ፣ አልፎ አልፎም ትንንሽ የፊልም ሥራ ለመነ። በ1983 እ.ኤ.አ. ድሃ ሆኖ ሞተ። በፊልሙ ውስጥ ሥራ ያጣው ሰው ከፊልሙ ውጭም ሥራ አጣ፤ ማንም ክፉ ሳያስብበት። ዴ ሲካ ደግ ሰው ነበር እኮ። ይህን ሳስብ የመጀመሪያውን ካሜራ ስሰጥሽ ስለ ብርሃንና ስለ ትኩረት ብቻ ማውራቴ ሲቆጨኝ አደረ።

እና ሁለት ጊዜ ጠይቂ። መጀመሪያ ከመቅረፅሽ በፊት፣ ካቦም ደላላም በሌለበት፤ እነሱ ባሉበት «እሺ» ያለ ሰው እሺ አላለም። ሁለተኛ የቀረፅሽውን አሳይተሽው፣ አንድ ሌሊት አድሮ። «ይቅር» ካለ ይቅር። በኒው ሜክሲኮ የዚንክ ማዕድን ሠራተኞች አድማ ላይ የተመሠረተውን «የምድር ጨው» የተባለ ፊልም የሠሩት ሰዎች ጽሑፉን መጀመሪያ ለማዕድን ሠራተኞቹና ለሚስቶቻቸው አነበቡላቸው፤ ያሳፍረናል ያሉትንም አወጡ። ዋናውን ሰው ሆኖ የተጫወተው ሁዋን ቻኮን የዚያው ማኅበር ሊቀመንበር ነበር። ፍርድ ቤት ወንዶቹን ለአድማው ማዕድኑ በር ላይ እንዳይቆሙ ሲከለክል ሚስቶቻቸው የተተኩበት ታሪክ ነው፤ አያትሽ ብታየው «ደግ አደረጉ» ትል ነበር።

ፊት ከሌለ ምን ልቅረፅ አትበይ። እጅ ቅረጪ። ሰሊጥ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን፣ ከታች ያለው ፍሬ ሲበስል ፋታ አይሰጥም፤ ከደረቀ አፉን ከፍቶ መሬት ላይ ይረግፋል። ጠዋት ቅዝቃዜ ሳለ የሚታጨደው ለዚህ ነው። ማጨዱን፣ ነዶ ማሰሩን፣ ሂላ አድርጎ ማቆሙን፣ ሁለት ሳምንት ገደማ ደርቆ ሸራ ላይ ተገልብጦ መራገፉን በተራው ያዢ። አንዱን ሥራ ከሩቅ፣ ከመካከል፣ ከእጅ ሥር፤ እያንዳንዱን ከ10 ሰከንድ ሳታሳንሺ። መራገፉን ብቻ ካሳየሽ ተመልካች ዋናውን ነገር አይረዳም፤ ባለ እርሻው መጠበቅ የማይችልበት አንድ ሳምንት አለ፣ ሳሉጎቹ፣ ለአጨዳ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች፣ ዋጋ የሚነጋገሩትም ያኔ ነው። የፊልምሽ ልብ ያ ሳምንት ነው። ያ ልጅ የተናገረውን ሁሉ የሚረግፈው ፍሬ ይናገርልሻል።

ድምፅሽ ግን መጥፎ ነው። ማይኩን ከአገጭ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርገሽ ስኪው፣ ፀጉራሙን የንፋስ መከላከያ አልብሺው። ከየቦታው ማንም ሳይናገር አንድ ደቂቃ ሙሉ ቅጂ፤ ያ ከሌለሽ ንግግር ስትቆርጪ ጉድጓድ ይሰማል። ቀረፃ ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፤ ከዚያ ወዲያ ካሜራውን በነጭ ነጠላ ሸፍኚው፣ በሙቀት ራሱን ያጠፋል። ሁለት ቦታ ሳትገለብጪና ከፍተሽ ሳታዪ ካርዱን አታጥፊ።

ማታ ግራር ሥር፣ የተሰነጠቀ ጥቁር አፈር አጠገብ አትተኚ። ካላዛር የሚባለውን በሽታ የምታመጣው የአሸዋ ዝንብ እዚያ ናት፤ በጣም ትንሽ ስለሆነች ቀዳዳው ደቃቅ የሆነ አጎበር ያስፈልግሻል። ትኩሳት ሁለት ሳምንት ካለፈና የግራ ሆድሽ ካበጠ «ወባ ነው» ብለው ቢመልሱሽም ስለ ካላዛር ጠይቂ። የእናትሽን ልብ አታቁሚ።

ምስሉን አጥፊ፤ ለላክሽላቸውም አጥፉ በያቸው። ፊቱን አታውጪው፣ ፊቱን አታውጪው። በዚሁ ሹፌር ግራጫ ሸሚዜን ልኬያለሁ፣ ታጥቧል። ለልጁ ስጪውና ያቺን ቢጫ ማሊያ እዚያ እስካለ ድረስ እንዳይለብሳት ንገሪው። ትንሽ ይሰፋዋል መሰለኝ።

አባትሽ፣ ከቡሬ