የውጭ ግድግዳ ልባስ ከመቀየሩ በፊት ከጀርባው ያለው ይታይ

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የቤቱን ያረጀ የውጭ ግድግዳ ልባስ ሊቀይር የተነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው የትኛው ዕቃ እንደማይበላሽ ነው። በእኔ እምነት ግን አሮጌውን ያበላሸው ምን እንደሆነ ማወቅ ይቀድማል። ልባስን ቶሎ የሚጨርሰው በአብዛኛው ከጀርባው ገብቶ መውጫ ያጣ ውኃ ነው። ከመስኮቱ ሥር ቀለሙ ያበጠበትን ጣውላ በካቻቢቴ ጫፍ ጫን ቢሉት፣ ብረቱ ሳይቸገር ዘልቆ ከገባ፣ ከላዩ አዲስ ልባስ መምታት በሽታውን መሸፈን ብቻ ይሆናል። ከመስኮትና ከበር በላይ ውኃን ወደ ውጭ የሚመልስ የታጠፈ ቆርቆሮ፣ በግድግዳው ላይ እርጥበት የሚከላከል ሽፋን፣ በሽፋኑና በልባሱ መካከልም አየር የሚዘዋወርበት ክፍተት ከሌለ ውድ የተባለውም ዕቃ ዕድሜው ያጥራል።

ከዕቃዎቹ እኔ የማደላው ወደ ፋይበር ሲሚንቶ ነው። ከሲሚንቶ፣ ከአሸዋና ከእንጨት ቃጫ ስለሚሠራ በቀላሉ እሳት አይይዘውም፣ ምስጥም አይበላውም። ሆኖም የተቆረጠው ጠርዝ ሁሉ ቀለም መቀባት፣ የታችኛው ጫፉም ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት፤ ሲቆረጥ ከአሸዋው የሚነሳው ሲሊካ የተባለ ደቃቅ ብናኝ ሳንባን ስለሚጎዳ ሠራተኛው ያለ መከላከያ ጭንብል ሊሠራው አይገባም። ፒቪሲ የተባለው የፕላስቲክ ልባስ ቀለም አይፈልግም፤ ነገር ግን በሙቀት ይረዝማል፣ በቅዝቃዜ ያጥራልና ሚስማሩ አጥብቆ ከተመታ ይጎብጣል። ዝገት እንዲከላከል ዚንክ የተለበጠው (ጋልቫናይዝድ) ቆርቆሮም ቢሆን ዝገቱ የሚጀምረው ከተቆረጠውና ከተጫረው ቦታ ነው። ጣውላ ውበቱ አይካድም፤ በየጥቂት ዓመቱ ቀለሙን ለማደስ ያልቆረጠ ሰው ግን ባይመርጠው ይሻላል።

አጥብቄ ማሳሰብ የምፈልገው ቀድሞ ከሲሚንቶ ጋር ይደባለቅ ስለነበረው፣ አስቤስቶስ ስለተባለው ቃጫማ ማዕድን ነው። በድሮ ቤቶች ላይ የሚገኝ የሲሚንቶ ልባስ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፤ በዓይን ብቻ ደግሞ አይለይም። ሲሰበር ወይም ሲጋዝ የሚበተነው ቃጫ ወደ ሳንባ ገብቶ ከብዙ ዓመታት በኋላ ካንሰር ሊያስከትል ስለሚችል፣ ናሙናው ሳይመረመር ማንም መዶሻ ሊያነሳበት አይገባም።

ስለዚህ ተቋራጮች ዋጋ ከመናገራቸው በፊት የአስቤስቶስ ጥርጣሬ በምርመራ ከተወገደ በኋላ ከአሮጌው ልባስ ጥቂቱን ገልጠው ከጀርባው ያለውን ለባለቤቱ እንዲያሳዩ፣ የሚጠገነውንም በውሉ ላይ ለይተው እንዲጽፉ በጋዜጣችሁ በኩል እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ