ፍሬድሪክስበርግ፦ ከጥረቱ በፊት ውሉ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ቴክሳስ ውስጥ ስለምትገኘው ፍሬድሪክስበርግ ያወጣችሁት ጽሑፍ ከተማዋን ያቆማት የጀርመን ገበሬዎች ትጋት ብቻ እንደሆነ ያስነብባል። ትጋቱ እውነት ነው፤ ከአገሩ ነባር ሕዝብ ከኮማንቼዎች ጋር የተደረገው የሰላም ውል ነገር ግን ተዘሏል። (ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰፋሪዎቹን ያመጣቸው የጀርመን መሳፍንትና መኳንንት ማኅበር ነበር። በ1844 መብቱን ከቴክሳስ መንግሥት ካገኙት ከፊሸርና ከሚለር የገዛው በላኖና በኮሎራዶ ወንዞች መካከል ሰው የማስፈር መብት ነው፤ ቦታውን ግን አስቀድሞ አላየውም። ምድሩ የኮማንቼዎች ነበር። ማኅበሩ ይህን ይዞ ለአባወራ በ600 ጉልደን፣ ማለትም በ240 ዶላር፣ 320 ኤከር (130 ሄክታር ገደማ) ቃል ገባ።

በ1846 የአሜሪካና የሜክሲኮ ጦርነት ሲነሳ ጋሪና በሬ ያለው ሁሉ ለጦሩ መሥራቱን መረጠ። በባሕር ዳርቻው የወረዱት ሰፋሪዎች መጓጓዣ አጥተው ብዙዎቹ በበሽታ አለቁ። ቀድመው የማኅበሩ ሰፈራ ከሆነችው ከኒው ብራውንፌልስ የተነሱት 120 ያህል ሰዎች 16 ቀን ተጉዘው ሜይ 8 ቀን 1846 ደረሱ። የደረሳቸው አንድ የከተማ ቦታና 10 ኤከር፣ አራት ሄክታር ገደማ ብቻ ነው። ከተማዋ ራሷም ከተገዛው ይዞታ ውጭ ናት፤ ወደዚያ መሸጋገሪያ እንድትሆን የተቆረቆረች ነች።

ወደ ይዞታው ለመግባት መጀመሪያ መሬቱ መለካት ነበረበት፤ ቀያሾች ደግሞ ኮማንቼዎችን ፈርተው አይገቡም። የማኅበሩ ተጠሪ ጆን ሞይዘባህ በ1847 መጀመሪያ ሳን ሳባ ወንዝ ድረስ ሄዶ ከመሪዎቻቸው ጋር ተነጋገረ፤ ውሉ ሜይ 9 ቀን ፍሬድሪክስበርግ ላይ ተፈረመ። ሰፋሪዎቹ ምድሩን መቀየስና ማረስ፣ ኮማንቼዎቹም ወደ ከተማዋ በሰላም መግባት ቻሉ። ለዚህ የተከፈለው የ3,000 ዶላር ስጦታ ነው። የ13 አባወራዎችን ክፍያ እንኳ አይሞላም! መሳፍንቱ ቀድመው ይህን ቢያስቡበት ኖሮ ስንቱ በተረፈ።

በመጨረሻ ስለ ፎቶግራፉ። ያሳያችሁት ቤት የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ቤት ሳይሆን «የእሑድ ቤት» የሚባለው ነው፤ አብዛኞቹ የተሠሩት ከ1890ዎቹ ወዲህ ነው። ከከተማ ርቀው የሚያርሱና ከብት የሚያረቡ ቤተሰቦች ቅዳሜ ለገበያ፣ እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ሲመጡ ያድሩበት ነበር። ከውጭ በኩል ያለው ደረጃ ልጆቹ ወደሚተኙበት ቆጥ የሚያወጣ ነው። የመሥራቾቹ ቤቶች መጀመሪያ የግንድ ጎጆዎች ነበሩ፤ ቀጥሎም በእንጨት ማገር መካከል ድንጋይ እየተሞላ የተሠሩት መጡ።

አንድ አንባቢያችሁ