ያ ፊኛ የማን ነበር? ለቻይና መከላከያ ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለቻይና ሕዝባዊ ሪፐብሊክ መከላከያ ሚኒስቴር
ቤይጂንግ

ጤና ይስጥልኝ። ወታደር አይደለሁም፤ ዲፕሎማትም አይደለሁም። የአቪዬሽን ወሬ የማያመልጠኝ ተራ አንባቢ ነኝ። ድሮን ለምን ሠራችሁ ልላችሁ አልተነሳሁም። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ በ2023 አሜሪካ ሰማይ ላይ እንደታየው ፊኛችሁ፣ ሰው አገር ሰማይ ላይ ለተገኘ ነገር ባለቤቱን ንገሩን።

ከላይ እየታዩ መኖር እንዴት እንደሚያበግን እናንተ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የታይዋን አብራሪዎች ዩ-2 በተባለ አሜሪካ ሠራሽ የስለላ አውሮፕላን አገራችሁን ከዳር እስከ ዳር ፎቶ ያነሱ ነበር። አምስቱን ጣላችሁ። ስብርባሪውንም ቤይጂንግ ለሕዝብ አሳያችሁ። ከ1964 ጀምሮ ደግሞ አብራሪ የሌላቸውን የአሜሪካ ቃኚዎች መጣል ያዛችሁ። የወደቀውን ፈታታችሁ፣ አጠናችሁ፣ ደብሊው ዜድ-5 የተባለውን የራሳችሁን ድሮን ሠራችሁ። እውነቱን ለመናገር፣ እዚህ ላይ አድንቄያችኋለሁ።

ዛሬ ደብሊው ዜድ-7 አላችሁ፤ የፊትና የኋላ ክንፉ የተጋጠመ፣ ከፍ ብሎ ለሰዓታት የሚቆይ። በ2024 ጃፓን በጃፓን ባሕር ላይ ሲበር አየሁት ብላለች። በሮኬት ሞተር የሚበረውን ደብሊው ዜድ-8 ደግሞ በ2019 በቲያንአንመን ሰልፍ አሳይታችሁናል። በሰልፍ ላይ ማንም አይደብቅም።

ነገሩ የተበላሸው በፊኛው ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2023 በአሜሪካዋ ሞንታና ግዛት ሰዎች ቀና ብለው አዩት። ቁመቱ 60 ሜትር ገደማ፣ ከፍታው 18 ኪሎ ሜትር ግድም። መንግሥታችሁ «የሲቪል ነው፣ የአየር ሁኔታ ያጠናል፣ ነፋስ ወሰደው» አለ። በ4ኛው ቀን ኤፍ-22 የተባለ የአሜሪካ ተዋጊ ጄት ሳውዝ ካሮላይና ዳርቻ ባሕር ላይ ጣለው። ለዚህ ሲባል ሦስት ኤርፖርቶች በረራ አቁመው ነበር። ፔንታጎን በኋላ አሜሪካ ላይ ሳለ መረጃ አልሰበሰበም ብሏል። ይሁን። ግን የየትኛው ድርጅት ነበር? ስሙ እስካሁን አልወጣም።

የሲቪል ከሆነ፣ የ1944ቱ ዓለም አቀፍ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት (የቺካጎ ስምምነት) አንቀጽ 8 አለ፤ አብራሪ የሌለው በራሪ ያለ ልዩ ፈቃድ ሰው አገር አይገባም። የመንግሥት ከሆነ አንቀጽ 3 አለ። እሱም ፈቃድ ይላል። በየትኛውም በር ብትወጡ ፈቃድ አለመጠየቃችሁ አይቀርም።

«አሜሪካስ?» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። በ1960 ዩ-2ዋ ሶቭየት ላይ ሲወድቅ እሷም «የአየር ሁኔታ ጥናት» ብላ ነበር። አብራሪው በሕይወት ሲገኝ ጉድ ሆነች። በ2019 ግን ኢራን ግሎባል ሆክ የተባለ የአሜሪካ ድሮን ስትጥል፣ ዋሽንግተን በዚያው ቀን የኔ ነው አለች። የተጨቃጨቁት የት እንደነበረ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ የመንገደኛው ነገር ነው። የመንገደኞች አውሮፕላን በ11 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይበራል። እናንተ 18 ላይ ብትሆኑም ስትወጡም ስትወርዱም በእኛ መሐል ታልፋላችሁ። ስትወድቁም እንደዚያው። ስለዚህ ድንበር የሚሻገር በረራ ሲኖር ቀድማችሁ ለጎረቤት የበረራ ተቆጣጣሪዎች አሳውቁ። የጠፋባችሁ ነገር ካለ ደግሞ ሌላው ሳያገኘው እናንተ ተናገሩ።

የፊኛውን ባለቤት ስም ግን ዛሬም ማውጣት ትችላላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአቪዬሽን ዜና ተከታታይ