«ኮር አይ7» ብቻ አይበቃም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስድስት ኪሎ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ኮምፒውተሬ ወርድና ፒዲኤፍ አንድ ላይ ሲከፈትበት ስታክ ያደርግ ነበር። ተመራቂ ተማሪ ደግሞ አይታገስም። ባለሙያ ተብዬው «አልቆለታል፣ አዲስ ግዢ» አለኝ። በዚህ ኑሮ ከየት አምጥቼ?

ውስጡ የነበረው ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል) አይ3-3220 ባለ 2 ኮር ነው፤ ኮር ማለት ሥራውን የሚሠራው የፕሮሰሰሩ ክፍል ነው። እዚያው 1155 ሶኬት (ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት መሰኪያ) ላይ ባለ 4 ኮሩ የ3ኛው ትውልድ አይ7-3770 ልክክ ብሎ ይገባል። ያገለገለ ገዛሁ፤ ሻጩ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ገጥሞ እስኪያሳየኝ ግን ብር አላወጣሁም። 4ኛው ትውልድ ሶኬቱ 1150 ስለሆነ አይሞከርም።

ፋኑን ፈትቼ የደረቀውን ፔስት (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) በአልኮል ጠረግኩ። ሶኬቱ ውስጥ ያሉት ፒኖች በጣም ቀጫጭን ናቸው፤ ከተጣመሙ ማዘርቦርዱ አለቀለት። ስለዚህ የፕሮሰሰሩ ጥግ ላይ ያለችውን ወርቃማ ሦስት ማዕዘን ከሶኬቱ ምልክት ጋር አገናኝቶ ቀስ ብሎ ማስቀመጥ ነው፣ በጣት መጫን የለም። አዲሱ ፔስት የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል። (አሁንም በአሮጌው ሃርድ ዲስክ የምትሠሩ ከሆነ መጀመሪያ ኤስኤስዲ (ፈጣኑን አዲስ ዓይነት ዲስክ) ግዙ፤ ፕሮሰሰር ብቻውን አያድናችሁም።) ዊንዶውስ 11 ይህን 3ኛውን ትውልድ በይፋ አይቀበልም፣ እሱን ከወዲሁ እወቁት።

ቅሬታዬ ነጋዴዎቹ ላይ ነው። ያገለገለ ኮምፒውተር ላይ «ኮር አይ7» ብለው ይለጥፋሉ፤ ስንተኛ ትውልድ እንደሆነ ግን አይጽፉም። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣውም በ2019 የወጣውም አይ7 ነው! እባካችሁ ሙሉ ቁጥሩን እንዲጽፉ በጋዜጣችሁ ንገሩልን።

የጽሕፈት ቤት ባለቤት፣ ከስድስት ኪሎ