ስሌትሽን ሌላ ሰው ሊያነበው በሚችል መሣሪያ ሥሪው

ውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን፤ አባትሽም ወንድምሽም ሰላምታቸውን ያቀርቡልሻል። ባለፈው በስልክ ስለ መመረቂያ ጽሑፍሽ የነገርሽኝን ሳሰላስል ቆይቼ፣ ነገሩ ተጣድፎ ከሚነገር ይልቅ ረጋ ተብሎ ቢጻፍ ይሻላል ብዬ ይህን ደብዳቤ ጀመርሁልሽ። አዳማ ሆነሽ የሀዋሳን ሐይቅ የውኃ ሚዛን፣ ማለትም የሚገባበትንና የሚወጣበትን ውኃ፣ ለማጥናት መምረጥሽ እጅግ አስደስቶኛል። ጓደኞችሽ ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ያለ ክፍያ እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ፣ የስሌት ፕሮግራም በፍላሽ እንደ ሰጡሽና በእርሱ ልትሠሪ እንዳሰብሽ ስትነግሪኝ ግን ዝም ማለቴን እንደ ስምምነት እንዳትቆጥሪብኝ።

እንዲህ ያለ ቅጂ ቫይረስ ይዞ ሊመጣ እንደሚችል፣ የሌላውን ሰው ድካም ያለ ፈቃዱ መውሰድም እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ስለዚህ በእርሱ ላይ አልቆይም። ማትላብን የመሰለው በገንዘብ የሚሸጥ የስሌት ፕሮግራም በራሱ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ፈቃዱን ገዝቶ ቢሰጥሽ ኖሮ ይህን ያህል አልከራከርሽም ነበር። ያም ሆኖ ለምርምር ስሌት ሁልጊዜ የማስቀድመው ውስጡ የሚነበበውን ነው። ሚዛኑን በጨርቅ ሸፍኖ ኪሎውን ብቻ የሚነግረንን ነጋዴ እንደማናምን ሁሉ፣ መልሱን ሰጥቶ መንገዱን የሚደብቅ ፕሮግራምም ለሳይንስ አይበቃም ብዬ አምናለሁ።

ይህ በአንቺ ጥናት ላይ ከሌላው ይልቅ ይበረታል። ሐይቃችን በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። ዝናብ ይዘንብበታል፣ ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል፣ የሚያጣው ደግሞ በትነትና ወደ ከርሰ ምድር በሚሰርገው ውኃ ነው። ከርሰ ምድር የሚገባውን ውኃ በቀጥታ መለካት አስቸጋሪ በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ሌሎቹ ሁሉ ተደምረውና ተቀንሰው በሚተርፈው ቁጥር ነው። እንግዲህ በዝናቡም ሆነ በትነቱ ስሌት ውስጥ የገባ ስሕተት ሁሉ ሳይታይ እዚያው ቀሪ ቁጥር ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ አንቺም «ይህን ያህል ውኃ ወደ መሬት ይሰርጋል» ብለሽ ትጽፊዋለሽ። አማካሪሽ ወይም ከዓመታት በኋላ የሚመጣ ሌላ ተማሪ ያንን ቁጥር ሊፈትሽ የሚችለው እያንዳንዱን እርምጃ ማየት ከቻለ ብቻ ነው።

ምሳሌ ልስጥሽ። ነፃውን የፕሮግራም ቋንቋ ፓይተንን ከመረጥሽ የዕለት ዝናብን ወደ ወር ለመደመር ፓንዳስ በተባለው የሰንጠረዥ መሣሪያው ትጠቀሚ ይሆናል። ፓንዳስ ሲደምር ያልተመዘገቡትን ቀናት ይዘላቸዋል፤ ወሩ በሙሉ ባዶ ከሆነም፣ ሌላ ካላዘዝሽው በቀር፣ ድምሩን ዜሮ ብሎ ይሰጥሻል። ማንም ያልለካበት ወር ጠብታ ያልወረደበት ወር ሆኖ ወጣ ማለት ነው። ናምፓይ በተባለው ሌላው የፓይተን የስሌት መሣሪያ ብትደምሪው ደግሞ አንዲት ባዶ ቀን ብቻ የወሩን ድምር በሙሉ ባዶ ታደርገዋለች። ሁለቱም ጠባያቸው በይፋ ተጽፎ ይገኛል፤ የፓንዳሱም «ሚን ካውንት» በተባለው ምርጫ ይስተካከላል፤ ጥርጣሬ ቢገባሽ ኮዱን እስከ መጨረሻው መስመር ገልጠሽ ማንበብ ትችያለሽ። የሳተላይትን መረጃ ከጣቢያዎች ልኬት ጋር አዋሕዶ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ያለውን ዝናብ የሚያቀርበውን ቺርፕስ የተባለውን የመረጃ ስብስብ ስታወርጂም መረጃ የሌለበት ቦታ በ-9999 እንደሚሞላ አትርሺ። ይህን ቁጥር መጀመሪያ ወደ ባዶ ሳትለውጪ አማካይ ብታወጪ ውጤቱ ትርጉም የለሽ ይሆናል።

ከተፈጥሮ ሀብት ተመራማሪዎች ጋር እሠራ በነበረበት ጊዜ የገጠመኝም ይኸው ነው። የወንዙን ከፍታ የሚያነቡት ሰዎች ደብተር ቀኑ በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ነበር፤ የዝናቡ መረጃ ደግሞ በፈረንጆቹ። ቀኑን ለመለወጥ የተጠቀምንበት አንድ ነፃ ፕሮግራም ጳጉሜን ሁልጊዜ አምስት ቀን አድርጎ ይቆጥር ነበር። ዘመነ ሉቃስ ሲያልፍ ስድስተኛዋ ቀን ስለምትጎድል ከዚያ በኋላ ያለው መዝገብ ሁሉ በአንድ ቀን ተዛነፈ፤ ዝናቡ በዘነበ ማግስት መታየት የነበረበት የወንዝ ሙላትም ከቦታው ተንሸራተተ። ፕሮግራሙ የተዘጋ ቢሆን ኖሮ ለባለቤቱ ጽፈን መልስ ከመጠበቅ በቀር ምርጫ አልነበረንም። ኮዱ ክፍት ስለነበረ ግን ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ ቀሪው 3 ሲሆን ጳጉሜን 6 ቀን የምታደርግ አንዲት መስመር ጨመርሁበት፤ 2011ንና 2015ን መፈተሻ አድርጌ ለጻፈው ሰው ላክሁለት፤ እርሱም ተቀበለኝ። በማላውቀው አገር ያለ ማላውቀው ሰው ዛሬ ያንን መስመር ይጠቀምበት ይሆናል፤ ይህንን ባሰብሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

የፕሮግራም ጸሐፊው ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 ግኑ የተባለውን የነፃ ሶፍትዌር ሥራ ሲጀምር የጠየቀው መብት ይህንኑ ነበር፤ ፕሮግራሙን ለፈለጉት ዓላማ ማሠራት፣ ማጥናትና መለወጥ፣ ቅጂውን ለሌላ ማካፈል፣ የለወጡትንም ማሰራጨት። ለሳይንስ የሚውሉት መሣሪያዎች ግን በብዛት የተወለዱት ለራሳቸው ጥናት በቸገራቸው ሰዎች እጅ ነው። ማትላብን የሚመስለው ነፃ ፕሮግራም ኦክቴቭ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በጆን ኢተን የተሠራው ለኬሚካል ምሕንድስና ተማሪዎች ተብሎ ነበር። ፌርናንዶ ፔሬስ የፓይተንን ኮድ እየጻፉ ውጤቱን ወዲያው ለማየት የሚያስችለውን አይፓይተንን እ.ኤ.አ. በ2001 ሲጀምር ገና የፊዚክስ ተማሪ ነበር። ከሁሉም ይልቅ ልቤን የሚነካኝ የጆን ሀንተር ታሪክ ነው። እርሱ የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪ ነበር፤ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሕሙማን የአንጎል ሞገድ በሥዕል ለማየት ብሎ ማትፕሎትሊብ የተባለውን የፓይተን የሥዕል መሣሪያ ሠራ፤ ለራሱም አላስቀረውም። እ.ኤ.አ. በ2012 በካንሰር ሕክምና መዘዝ በ44 ዓመቱ ዐረፈ። ከሰባት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው የጥቁር ጉድጓድ ምስል ለዓለም ሲታይ ናምፓይና የእርሱ ማትፕሎትሊብ ከሥራው መሣሪያዎች መካከል ነበሩ። አንቺም የሐይቁን ከፍታ የምትሥይው በዚሁ ነው።

ስለ ቴክኖሎጂ ስብሰባዎችም ጠይቀሽኝ ነበር። እዚህ ሀዋሳ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የምንሰበሰብበት ቤት ጠባብ ነው፤ መብራትም ሲጠፋ በላፕቶፑ ባትሪ እስከቻልን እንቀጥላለን። ሰው ቆሞ ስላይድ ከሚያሳይበት ሰዓት ይልቅ አንዱ ያስቸገረውን ኮድ አምጥቶ ሁላችንም የምናነብበት ሰዓት እጅግ ይጠቅማል ባይ ነኝ። የኢንተርኔት ፓኬጅ ውድ ስለሆነ አንድ ሰው ላይብረሪዎቹን፣ ማለትም እንደ ፓንዳስ ያሉትን ተዘጋጅተው የሚገኙ የኮድ ስብስቦች፣ አስቀድሞ ያወርድና ሌሎቻችን ከእርሱ ፍላሽ እንጭናለን። እስቲ አስቢው ልጄ፤ ለጓደኞችሽ ፕሮግራም በፍላሽ ማቀበል፣ በተዘጋው ሶፍትዌር ሲሆን ሕግ መጣስ የሆነው ይኸው ተግባር፣ በነፃው ሶፍትዌር ሲሆን ጸሐፊዎቹ ራሳቸው የፈቀዱት መልካም ሥራ ነው። ለእኛ ኑሮ ከዚህ የተሻለ የሚስማማ አሠራር አላውቅም።

አዳማም እንዲህ ያለ ስብሰባ ፈልገሽ ግቢ፤ ካጣሽም ከክፍል ጓደኞችሽ ጋር ጀምሩት። ሴቶች ጥቂት ልትሆኑ ትችላላችሁ። ከኋላ ወንበር አትቀመጪ፤ ላፕቶፕሽን ከፍተሽ ጥያቄሽን አቅርቢ። በእኔ ልምድ ብዙ ተምሮ የሚወጣው ጥያቄ ይዞ የመጣው ሰው ነው፤ ሐሳብ የሚሰጡትም ቢሆኑ ከጥያቄው ይማራሉ።

አሁን ወደ ሥራው ልመልስሽ። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ አዳማ በሚመጣው አጎትሽ እጅ ፍላሽ እልክልሻለሁ፤ በውስጡ ፓይተን፣ ናምፓይ፣ ፓንዳስ፣ ማትፕሎትሊብና ኮድን ከማስታወሻ ጋር በአንድ ገጽ የምትጽፊበት ጁፒተር ያለ ኢንተርኔት እንዲጫኑ ተዘጋጅተዋል። ኦክቴቭንም ጨምሬበታለሁ፤ ጓደኞችሽ በማትላብ የጻፉልሽ ኮድ ካለ አብዛኛው በእርሱ ላይ ይሠራል፤ የማይሠራውን ለይተሽ ጻፊልኝ። ጥሬ መረጃውን ለብቻው አስቀምጪው፤ በእጅሽ አትንኪው፤ እርማቱ ሁሉ በኮድ ይሁን። የተጠቀምሽባቸውን ላይብረሪዎች የስሪት ቁጥር በአንድ ፋይል መዝግቢ። አማካሪሽ ከተስማሙ ኮዱን ከጽሑፍሽ ጋር በጂፒኤል ፈቃድ አውጪው፤ በዚህ ፈቃድ አሻሽሎ የሚያሰራጨው ሰው የእርሱንም ኮድ ክፍት የማድረግ ግዴታ ስላለበት ከሌሎቹ ይልቅ እርሱን እመርጣለሁ። የአንድ ዓመት የዝናብ ድምር እንዳወጣሽ፣ ባይሟላም፣ ኮዱን ከነመረጃው ላኪልኝና እኔም እዚህ በራሴ ኮምፒውተር አሠርቼ ቁጥራችን አንድ መሆኑን እናያለን።

የምትወድሽ እናትሽ
ሀዋሳ