ለዓርብ አጥቢያ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ድሬም ታኅሣሥ ገብቶ ሰዉ ጠዋት ጠዋት ሹራብ መደረብ ጀምሯል፤ የአየር ጤናን ውርጭ ለምታውቂው ለአንቺ ግን ይህ ብርድ አይባልም።

ለቁልቢ ገብርኤል ወደ ድሬ የምትመጪበትን የአውሮፕላን ትኬት ይህን ደብዳቤ ያመጣልሽ ልጅ ይዞልሻል። በስልክ ያወራነውን ሁሉ እንደገና በወረቀት ያሰፈርኩት፣ በስልክ የተባለ ነገር ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ስለማይታወስ ነው። መነጽርሽን አድርገሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው። የጉዞው ዕለትም ከመታወቂያሽ ጋር አንድ ላይ ያዢው።

መጀመሪያ ሰዓቱ። እኔን ከጠየቅሽኝ የማለዳ በረራ ሰውን የሚያመልጠው ከመንገድ ይልቅ በሰዓት አቆጣጠር ነው። ትኬቱ ላይ 06:30 የሚል ታያለሽ። ያ የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ በእኛ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል። ስድስት ሰዓት ተኩል ብለሽ ካነበብሽው፣ አንቺ ቦሌ ስትደርሺ አውሮፕላኑ ድሬ ደርሶ ተመልሶ ይሆናል። ለማለዳ በረራ ብልሃቱ ቀላል ነው፤ የፈረንጁ ቁጥር ከሰባት በታች ከሆነ ስድስት ጨምሪበት፣ ሰባትና ከዚያ በላይ ከሆነ ስድስት ቀንሺለት። 04:30 ብሎ ከጻፈ የእኛ 10 ሰዓት ተኩል ነው። 07:15 ካለ 1 ሰዓት ከሩብ።

ቀኑም እንደዚሁ ያሳስታል። በትኬቱ ላይ ያለው 26 ዲሴምበር የእኛ ታኅሣሥ 17 ነው፤ ዓርብ። ለባለታክሲው «ዓርብ ሌሊት ና» እንዳትዪው። እንደዚያ ያልሽው ሰው ዓርብ መሽቶ ለቅዳሜ ሊነጋ ሲል መጥቶ በርሽን ያንኳኳል፣ ጥፋቱም የእሱ አይሆንም። «ሐሙስ ማታ ተኝተን፣ ለዓርብ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ45» በዪው። ከዚያ መልሶ እንዲነግርሽ አድርጊ። እሱ ራሱ በአፉ ሲለው ነው የገባው መሆኑ የሚታወቀው።

ለምን 9 ከ45? ወደ ኋላ ቆጥሬ ነው። አውሮፕላኑ 12 ተኩል ይነሳል። ለአገር ውስጥ በረራ ሁለት ሰዓት ቀድሞ መድረስ ነው፣ ያ 10 ተኩል ይሆናል። ከአየር ጤና ቦሌ በዚያ ሰዓት መንገዱ ጭር ስለሚል ግማሽ ሰዓት ይበቃል፣ ሩብ ሰዓቱን ለመጠባበቂያ ጨመርኩበት። ጸሎትሽን አድርሰሽ፣ ተጣጥበሽ፣ ለብሰሽ ለመጨረስ አንድ ሰዓት ያስፈልግሻል። እንግዲህ የምትነሺው 8 ሰዓት ከ45 ላይ ነው። «ከምጨነቅ ሄጄ እዚያው ልደር» የምትዪውን ግን ተዪው። ያን ያህል ቀድሞ የደረሰ ሰው መስተንግዶው እስኪከፈት በብርድ ቁጭ ከማለት በቀር የሚያተርፈው የለም፣ ጉልበትሽም ተሳስሮ ያድራል። በአንቺ ጊዜ የነበረው የለገሃር ባቡር ፉጨቱን አሰምቶ፣ ተንፏቆ ነበር የሚነሳው፣ ሮጦ የተንጠለጠለውም ይሳፈር ነበር። የአውሮፕላን በር ግን ሰዓቱ ሳይደርስ ቀደም ብሎ ነው የሚዘጋው፣ ከተዘጋ ደግሞ ለማንም አይከፈትም።

የስልክሽን ማንቂያ ሐሙስ ቀን ሳይመሽ የጎረቤቱ ልጅ ይሙላልሽ። የስልክሽ ሰዓት በፈረንጅ ከሆነ 2:45 ላይ ነው፤ ቀንና ሌሊቱን እንዳያምታታው ንገሪው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እሷ ላይ ነው። መጀመሪያ ከአምስት ደቂቃ በኋላ እንዲጮህ ሞልቶ ይሞክረው፤ ድምፁ ተቀንሶ ሊሆን ይችላልና። ስልኩን ራስጌሽ ሳይሆን ተነስተሽ ካልሆነ የማትደርሺበት ቦታ አስቀምጪው። እኔም 8 ከ45 ላይ እደውላለሁ።

ታክሲውን በአፕ እዚያው ሌሊት እንጠራለን ማለት አይሆንም። በዚያ ሰዓት አንዳንዱ ሹፌር እሺ ብሎ ተኝቶ ይቀራል፣ አንዳንዱ ደግሞ የሰፈራችን ኮረኮንች መግቢያ ጠፍቶት ሃያ ደቂቃ ይዞራል። የምታውቂውን የሰፈር ባለታክሲ ያዢ፣ ዋጋውን ሐሙስ ተስማሚ፣ ዝርዝር ብር አዘጋጂ። የሌላም አንድ ሹፌር ስልክ በወረቀት ይኑርሽ። የመጀመሪያው 9 ከ50 ድረስ ካልመጣና ስልክ ካላነሳ ሁለተኛውን ጥሪ፤ «ትንሽ ልታገሰው» አትበይ። ለሹፌሩ «የአገር ውስጥ በረራ፣ ተርሚናል 1» ብለሽ ንገሪው። ቦሌ ሲባል ብዙዎቹ በልማድ ወደ ውጭ አገር መንገደኛው፣ ወደ ተርሚናል 2 ይወስዱሻል፣ ከዚያ ሻንጣ ይዞ በእግር መመለስ ለአንቺ አይሆንም።

መብራትና ውኃ ሐሙስ ማታ ሊጠፉ እንደሚችሉ አስበሽ ተዘጋጂ። ስልክሽን ቀን ላይ ቻርጅ አድርጊ፣ ባልዲሽን ሙዪ፣ ባትሪሽን ትራስሽ ሥር አድርጊ። ልብስሽን በአለባበስሽ ቅደም ተከተል ወንበር ላይ ደርድሪው። ሻንጣሽ ሐሙስ ከምሳ በፊት ተዘግቶ ይደር፤ ሌሊት የሚከተት ነገር ሁልጊዜ አንዱን ያስረሳል።

ስለ ሻንጣው ትንሽ ልዘርዝር፤ ለገብርኤል የምታስገቢው የስለትሽ ዕቃ አለበትና። ጃንጥላው ረጅም ስለሆነ በእጅ ይዤ እገባለሁ አትበይ፣ ከላይ ካለው የዕቃ ማስቀመጫ አይገባም። በካርቶን ጠቅልለሽ በፕላስተር አሳስሪውና ከሻንጣው ጋር ለሚዛን ይሰጥ። ጧፉ ችግር የለበትም፣ ግን ይሰበራል፤ በነጠላ ጠቅልለሽ ከልብሱ መሐል አስተኚው። ዕጣኑም ይሂድ። ከሰልና ክብሪት ግን ፈጽሞ እንዳታስገቢ። ከሰል በራሱ ጊዜ ሊሞቅና ሊቀጣጠል ስለሚችል በአውሮፕላን ሻንጣ የተከለከለ ነው፣ ለቡና ብለሽ አንዲት ፌስታል ከጨመርሽ ሻንጣሽን አስከፍተው ያወጡታል። ሁለቱንም እዚህ እኔ ጋ ታገኛለሽ። ያቺ የሽንኩርት ቢላዋሽ በእጅ ቦርሳሽ ከተገኘች ትወሰዳለች፣ ከወደድሻት ሻንጣው ውስጥ ትግባ። በርበሬና ሽሮ ካመጣሽ በሁለት ፌስታል ደራርበሽ እሰሪው፤ ሻንጣ ሲወረወር አንዱ ይፈነዳል፣ በርበሬ የነካው ነጭ ቀሚስ ደግሞ አይለቅም።

የእጅ ቦርሳሽ ከ7 ኪሎ አይለፍ። ለሻንጣው የተፈቀደው ኪሎ ትኬቱ ላይ አለ፣ ከባለሱቁ ሚዛን ላይ አስቀምጠሽ እይው። የግፊት ኪኒንሽ፣ መነጽርሽ፣ ገንዘብሽና መታወቂያሽ በእጅ ቦርሳሽ ይሁኑ፤ ሻንጣ አንዳንዴ በሚቀጥለው በረራ ይመጣል፣ ኪኒንሽ ግን እስከዚያ አይጠብቅም። ኪኒኑን ከነማሸጊያው ያዢው። ሻንጣሽ እጀታ ላይ ከሩቅ የምትለዪው ቀይ ጨርቅ እሰሪ፣ ውስጡም የእኔን ስልክ በወረቀት ጽፈሽ ክተቺ። ለቁልቢ የሚመጣው ሰው ሻንጣ ጥቁር በጥቁር ነው።

ጾሙን በተመለከተ ከአንቺ በላይ አላውቅም። ኪኒኑን ግን ባዶ ሆድ ስለሆነ ብለሽ አታስተላልፊው። በውኃ የሚዋጥ ስለሆነ ለሐኪምሽም ለንስሐ አባትሽም ሳትሄጂ በፊት አንስተሽ ጨርሺው፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የሚወሰን ጉዳይ አይደለም።

ቦሌ ስትደርሺ ሸኚ ወደ ውስጥ አይገባም፣ ስለዚህ የሚሸኝሽ ልጅ ሻንጣሽን በር ላይ አድርሶ ይመለሳል። ተሽከርካሪ ወንበር ጠይቄልሻለሁ። ቀደም ብሎ ነው የሚጠየቀው፣ ዕለቱን ልጠይቅ ቢሉ ላይገኝ ይችላል። አፍረሽ «ምን ሆኜ ነው በወንበር የምገፋው» እንዳትዪ፤ ረጅሙ ነገር ሰልፉ ነው፣ ቆሞ መጠበቅ ደግሞ ከመራመድ የበለጠ ጉልበትሽን ይጎዳዋል። በሩ ላይ ትኬትሽንና መታወቂያሽን ይጠይቁሻል። መታወቂያሽ የታደሰ መሆኑን ዛሬውኑ እይው። ስምሽ፣ የአባትሽና የአያትሽ ስም ከትኬቱ ጋር አንድ ዓይነት መሆን አለበት። እኔ ከመታወቂያሽ ቀድቼ ነው ያስጻፍኩት፣ ግን አንዲት ፊደል እንኳ ከተለየች ዛሬ ደውዪልኝ።

ፍተሻው ሁለት ጊዜ ነው፣ አንዱ በመግቢያው፣ ሌላው ወደ መሳፈሪያው ስትገቢ። ጫማ ያስወልቃሉና ያን ባለማሰሪያ ጫማ ተዪና ወለቅ የሚለውን ሸራሽን አድርጊ፤ ወፍራም ካልሲም ልበሺ፣ ወለሉ በረዶ ነው። የነጠላሽን መርፌ፣ ሰዓትሽን፣ ሳንቲምሽን፣ ስልክሽን ገና ሰልፉ ላይ ሳለሽ በቦርሳሽ ክተቻቸው። በፕላስቲኩ ትሪ ላይ ብትንትን አድርገሽ ካስቀመጥሻቸው አንዱ ይቀራል። የአንገትሽ መስቀል ቢጮህ አትደንግጪ፣ ሴት ፈታሽ መጥታ በእጇ ታይሻለች። ከፍተሻው ሳትርቂ ዕቃሽን ቁጠሪ፤ ስልክ፣ ሰዓት፣ መነጽር፣ ቦርሳ፣ ምርኩዝ፤ አምስት።

ሻንጣሽን ሲቀበሉ ትንሽ ወረቀት ይሰጡሻል። እሷ የሻንጣሽ ደረሰኝ ናት፤ ከመሳፈሪያ ወረቀትሽ ጋር መታወቂያሽ ውስጥ አስገቢያት። ከዚያ ሽንት ቤት ግቢ፣ ባይመጣብሽም ግቢ። አውቶቡስ ውስጥ ከገባሽ በኋላ መመለስ የለም።

አውሮፕላኑ ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ከሆነ ደረጃው ከበሩ ጋር የተያያዘ ነው፣ ጠበብ ያለና ጥቂት እርከን ያለው። ስትወጪ ደህናውን እግርሽን አስቀድሚ፣ ስትወርጂ የሚያምሽን። ይህን አንድ ነገር ብቻ ከያዝሽ ጉልበትሽ አያስቸግርሽም። አንድ እጅሽ መደገፊያውን ይያዝ፣ ቦርሳሽን አስተናጋጆቹ ይይዙልሻል። ይህኛው አውሮፕላን ሲነሳ ድምፁ ከፍ ይላል፣ ወንበሩም ይንዘረዘራል። ጤነኛነቱ ነው። ክንፉ ከመስኮቱ በላይ ስለሆነ አዋሽን ስታልፊ ታች ያለው ሁሉ ይታይሻል።

ጆሮሽን የሚደፍነው ስትነሱ ሳይሆን ስትወርዱ ነው። አውሮፕላኑ ውስጥ የሚደረገው አየር ከአዲስ አበባ ከፍታ እምብዛም የራቀ አይደለም፣ አንቺ ደግሞ ለዚያ አየር ባዳ አይደለሽም። ድሬ ግን ከአዲስ አበባ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። መውረድ ሲጀምር ምራቅሽን ደጋግመሽ ዋጪ፣ አፍሽን ከፍተሽ አዛጊ። እንቅልፍ ከወሰደሽ አትውጪምና የመጨረሻዋን ሃያ ደቂቃ ንቂ። ጉንፋን ካለብሽ ሕመሙ ስለሚብስ ከመምጣትሽ በፊት ንገሪኝ።

በረራው ቢዘገይ ወይም ቢሰረዝ መልእክቱ የሚመጣው ትኬቱ ላይ በተመዘገበው ስልክ ነው። የአንቺንም የእኔንም አስመዝግቤአለሁ። የእንግሊዝኛ መልእክት ከመጣልሽ ሳታጠፊ ጎረቤት አስነብቢ። ቢሰረዝም አትረበሺ፣ በ17 የምትመጪው ለዚህ ነው። በ18 ብትመጪ ኖሮ አንድ መዘግየት ዋዜማውን ያሳጣሽ ነበር፣ ወደ ቁልቢ የሚያወጣው የደንገጎ ዳገትም በዚያ ቀን በመኪናና በእግረኛ ይሞላል። ዓርብን እዚህ አርፈሽ ቅዳሜ ገና ማለዳ ሽቅብ እንወጣለን።

ድሬ አውሮፕላኑ አንድ ሰዓት ገደማ በርሮ ያርፋል። ሰው ሁሉ አውሮፕላኑ ገና ሳይቆም ይነሳል፣ አንቺ ተቀምጠሽ ጠብቂ፤ ወንበር የሚያመጡልሽም መጨረሻ ላይ ነው። ሻንጣሽን በቀይ ጨርቁ ለይተሽ፣ ደረሰኟን አሳይተሽ ውጪ። በር ላይ «ልያዝልሽ» ለሚል ሁሉ እሺ አትበይ። እኔ ከአጥሩ ውጭ፣ መውጫውን ፊት ለፊት እያየሁ ቆሜአለሁ።

ጋቢሽን ግን ድሬ ሞቀኝ ብለሽ ሻንጣ ውስጥ እንዳትቀብሪው። ከድሬ ወደ ቁልቢ ከፍታው በእጥፍ ያህል ይጨምራል፣ ሌሊቱን ደግሞ ደጀ ሰላም ነን።

ልጅሽ
ከድሬዳዋ