ለአባባ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

አባባ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ?

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትልቁ ቁመቱ እናቱን አልፏል። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ "አያቴ እንዳያየኝ" እያለች ከካሜራ ትደበቃለች። በዚህስ እርስዎን ወጥታለች።

የምጽፈው ስልክ ላይ የጀመርነው ወሬ ስለተቋረጠ ነው። ሳሉ ሲይዝዎ "መስመሩ አስቸገረ" ብለው ዘጉት። መስመሩ ደህና ነበር። ለማንኛውም ስለ ዓሣ ገንዳችን የጠየቁኝን ልጨርስልዎ።

መጀመሪያ የምሥራች። መዳብ ነው ያሉት መዳብ ሆኖ ተገኘ። የመመርመሪያ ጠብታ ገዝተን ውሃውን ብናየው አለበት። ልጁ "አያቴ አዲስ አበባ ሆኖ እንዴት አወቀ?" እያለ ቤቱን አናወጠው። አንቱታው ገና አልገባለትም፣ ይቅር ይበሉት።

ከሥሩ ልንገርዎ፤ በስልክ የሰሙት ቁንጽል ቁንጽሉን ነው። ገንዳውን የገዛነው ወደ ሌላ ስቴት ሊዛወር ዕቃውን ከሚሸጥ ሰው ነው። 150 ሊትር ያህል ይይዛል። መስታወቱ ጥሩ፣ ማቆሚያው ጥሩ፣ ድንጋዩንም መረቀልን። ሰውየው ዓሣ ታሞበት በመዳብ መድኃኒት ሲያክም እንደነበር ግን ትንፍሽ አላለም። ድንጋዩ መዳቡን ጠጥቶ ተቀምጦ ኖሯል። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ውሃው ይለቀዋል። ዓሣ እንደ ምንም ይችለዋል፤ ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ግን ትንሹም ይገድላቸዋል።

ዓሣው ሳይገባ ራሱ ስንት ጣጣ አለ መሰለዎ። የቧንቧ ውሃ አይሆንም። እዚህ ውሃ የሚያክሙት ክሎራሚን በሚባል ነገር ነው፤ እንደ ክሎሪን ከፍተው ቢያሳድሩት ተንኖ አይሄድም። ስለዚህ ማጣሪያ ተገዝቶ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ተገጠመ፤ ሌሊቱን ሙሉ ጠብ ጠብ እያለ ጀሪካን ይሞላል። ባለቤቴ "እኔ ከአገሬ የወጣሁት ጀሪካን ላላይ ነበር" አለች። ቀጥሎ ጨው፣ የባህር ዓሣ ነውና፣ ለአንድ ሊትር 35 ግራም ገደማ። ቀይ ባህር ከዚህም ይበልጣል፣ ወደ 40 ይጠጋል፤ ግን ይህን ለእርስዎ መንገር ምን ይባላል።

ኩሽና ቆሜ አምስት ኪሎ ጨው ስመዝን እታለም ደወለች። ወሬ በወሬ ላይ ሽሮዎን ያለ ጨው እንደምትሠራልዎ ነገረችኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው? አልኳት። "ለጤና ጥሩ ነው ብለው እኮ ነው" አለችና ስለ ቤት ኪራይ አወራችኝ። እሺ ብዬ ዝም አልኩ።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ውሃው ሲያዩት ጥርት ያለ ነው፤ ባክቴሪያው ካልተራባበት ግን ዓሣው በራሱ ቆሻሻ ይመረዛል። ከቆሻሻው የሚወጣው አሞኒያ በባክቴሪያው ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱ ወደ ናይትሬት መለወጥ አለበት። ይህ አራት፣ አምስት፣ አንዳንዴም ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን ሳያወርድ ባዶውን ውሃ ያያል። አስተማሪው ስለ ቤት እንስሳው እንዲጽፍ ብታዘው "ባክቴሪያ አለኝ" ብሎ ጽፎ አረፈው። መሀል ላይ ደግሞ አሸዋውም መስታወቱም የቡና አተላ የተደፋበት መሰለ። ያልፋል አሉን፣ አለፈ።

ክላውንፊሽ ገዛን፣ ብርቱካናማ ሆነው ነጭ ጥለት ያላቸውን፣ ጥንድ። ጉድ ነው የእነሱ ነገር። መጀመሪያ ሁሉም ወንድ ናቸው፤ ትልቁና ኃይለኛው ሴት ይሆናል። ሴቷ ከሞተች ደግሞ ባልየው ራሱ ሴት ሆኖ ይተካል። ትንሿ ይህን ሰማችና "አባዬ፣ እማዬ ብትሞት..." ብላ ስትጀምር አይስክሬም ትፈልጊያለሽ ወይ አልኳት። የማን ልጅ ነኝ።

ሽሪምፑ ግን አንጀታችንን በላው። ጀርባው ቀይ ሆኖ መሀሉ ላይ ነጭ መስመር ያለው፣ ነጭ ረጅም ጢም ያለው ነው፤ የዓሣውን ገላ እየለቀመ ያጸዳል። ልጁ እጁን ሲያስገባ ጥፍሩ ላይ ወጥቶ ያንን ማጽዳት ይጀምራል። በጠዋት ስንነሳ በጎኑ ተጋድሟል፣ ጢሙ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ሌላ ገዛን፣ እሱም እንደዚያው። አሞኒያው ዜሮ፣ ጨው ልክ፣ ሙቀት ልክ። ባለሱቁ "ዕድል ነው" አለን። የዚያን ቅዳሜ ልጁ ስልኩን ከእጄ ነጥቆ አለቀሰብዎ።

ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ "ዓሣው ደህና ነው?" አሉት። ደህና ነው አለ። "ቀንድ አውጣውስ?" ሞቷል አለ። "እንግዲያው መዳብ ይኖራል። የመርከብን ሆድ መዳብ ባለበት ቀለም የምንቀባው ለምን ይመስልሃል?" አሉት። በዚያው ቀጠሉ። ከሥር እየተጣበቀ መርከቡን ስለሚያከብደውና ነዳጅ ስለሚያስበላው ዛጎል፣ በብረት ስለ መፋቁ፣ በምፅዋ ፀሐይ እግር ስለማያስቆመው ብረት ወለል፣ ዳህላክ ላይ ውሃው ከመጥራቱ የተነሳ መልህቁ ታች አሸዋው ላይ ተጋድሞ ይታይ እንደነበር።

እኔ ሳህን ይዤ እንደቆምኩ ቀረሁ። በእኛ ቤት፣ ከተማዋ በጦርነት ከተያዘችበት ከየካቲት 1982 ወዲህ፣ ምፅዋ የሚል ቃል ተነስቶ አያውቅም። እማዬ "አባታችሁን ስለ ባህር እንዳትጠይቁት" ብላን ነው ያደግነው። ያቺን የቆርቆሮ ሳጥን እንኳ በዙሪያዋ ነበር የምናልፈው። እና ይህን ሁሉ፣ አማርኛውን ግማሽ በግማሽ ለሚሰማ ልጅ ነገሩት! እውነቱን ልንገርዎ፣ ቀናሁ። ደስም አለኝ። ልክ ስለዚያ ስለ ጓደኛዎ ሊነግሩት ሲሉ ሳሉ መጣ። ረጅም ሳል ነበር። ከኋላ እታለም "ይበቃዎታል" ስትል ሰምቻለሁ።

ወደ ዓሣው ልመለስ።

ድንጋዩን አውጥተን ጣልን። መዳብ የሚመጥ ማጣሪያ ተገዛ፣ ውሃው በሙሉ ተለወጠ፣ አዲስ ድንጋይ ገባ፣ እንደገና ጥበቃ። አሁን ሽሪምፕ አለን፣ ሁለቴ ቅርፊቱን ቀይሯል፤ ያ ማለት እያደገ ነው። ኮራልም ገባ፣ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖረው የባህር እንስሳ። አንደኛው ዜንያ ይባላል፣ ዘመዶቹ ቀይ ባህር ውስጥ አሉ። ቀኑን ሙሉ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ማንም ሳይነካው። ትንሿ "ይተነፍሳል" ትለዋለች። የቤቱ ጠባይም ተለውጧል፤ ማታ መብራቱ ሰማያዊ ሲሆን ቴሌቪዥኑን የሚከፍት የለም።

ከዚያ ደግሞ አንድ ሌሊት የሂተሩ ቴርሞስታት ተጣብቆ መጥፋት እምቢ አለ። ጠዋት ስነሳ 31 ዲግሪ ደርሷል። ትልቁ ኮራል ከአናቱ ጀምሮ ነጣ። ኮራል በሥጋው ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች አሉት፤ ቀለሙም አብዛኛው ምግቡም ከእነሱ ነው። ሙቀት ሲበዛበት ያስወጣቸውና ባዶውን ይቀራል። ግን ነጣ ማለት ሞተ ማለት አይደለም። ሙቀቱ ቶሎ ከተነሳለት አልጌዎቹ ይመለሱለታል። የእኛም ከሥሩ ቡናማ እያለ መጥቷል፤ አናቱ ገና ነው።

ልጁ ስለዚህ ሲያነብ ያገኘው ነገር አለ፣ ለእርስዎ ንገርልኝ ያለኝ። በሰሜን ቀይ ባህር፣ አቃባ ባሕረ ሰላጤ ያለው ኮራል ሌላው ዓለም ያለው የማይችለውን ሙቀት ይችላል። ተመራማሪዎች ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ ከበረዶው ዘመን በኋላ ኮራሎቹ የገቡት በደቡቡ በር፣ በባብ ኤል መንደብ በኩል ነው፣ ያንን የደቡቡን ትኩስ ውሃ አልፈው ወደ ሰሜን የደረሱት ሙቀት የሚችሉት ብቻ ናቸው ይላሉ። "በአያቴ በኩል ነው ያለፉት" ብሎ ለጓደኞቹ አወራ።

ከዚያ ወዲህ ከስልኬ ጋር የተያያዘ ቴርሞሜትር ገዛሁ። ውሃው ከ27 ካለፈ ስልኬ ይጮኻል። ሥራ ቦታ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ እቤት ያለውን የዓሣ ገንዳ ሙቀት እስከ ነጥቡ አውቃለሁ። የእርስዎን የደም ግፊት አላውቅም።

እንግዲህ ላውጣው።

እማዬ ስትታመም "ጉንፋን ነው" አላችሁኝ። ከዚያ "ተኝታለች"። ከዚያ "ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች"። አንድ ቀን ደግሞ "ለቅሶ ሄዳለች" አሉኝ፣ እርስዎ ነዎት ያሉኝ። የማን ለቅሶ ነው ብዬ ስጠይቅዎ የጎረቤት ስም ጠሩልኝ። እኔም ነፍስ ይማር አልኩ። ለካ እማዬ አፈር ከለበሰች ሰንብታለች።

ሰዎቹ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ በሬን አንኳኩ። ዳቦና የሻይ ቴርሞስ ይዘዋል። ሥራ ሊሄዱ ያለፉ መስሎኝ ሳቅ ብዬ "ምነው በዚህ ሰዓት?" አልኩ። ማንም አልመለሰልኝም። አንዱ ክንዴን ይዞ ተቀመጥ አለኝ። ከኋላ ካህኑን ሳይ ገባኝ።

ለምን እንደደበቃችሁኝ አውቃለሁ። በሰው አገር ብቻውን ነው፣ አንድ ነገር ይሆንብናል ብላችሁ ነው። ያኔ ወረቀትም አልነበረኝም፤ ብመጣ መመለሻ የለኝም። እሱንም አውቃለሁ። ግን መምጣት አለመምጣቱን እኔ ልወስን ይገባኝ ነበር። ባልመጣ እንኳ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ብታደርጉልኝ ምን ነበረበት? ይህን ያህል ዓመት አፌ ላይ እየመጣ መልሼዋለሁ። እርስዎ ባህር ኃይሉ ከተበተነ በኋላ የወፍጮ ቤት ሞተር እየጠገኑ እንዳስተማሩኝ የምረሳ ሰው አይደለሁም። የእጅዎ የግሪስ ሽታ እስከ ዛሬ አለኝ። ለዚያ ነው ዝም ያልኩት።

አሁን ግን ዝም አልልም። የሰፈራችን ልጅ ሆስፒታል በር ላይ አይቷችኋል፤ እታለም በአንድ በኩል፣ ነርሷ በሌላ በኩል ደግፈውዎ። ዘመድ ልንጠይቅ ሄደን ነው እንዳይሉኝ። ለጣሪያው የላክሁት ብር ለጣሪያው አይዋል፤ ዝናቡ ገና ነው፣ ምርመራው ይቅደም። መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ የጎማ ምንጣፍ ይነጠፍ፤ ያ ሴራሚክ ውሃ ሲነካው ያንሸራትታል። የግፊት ኪኒኑን ቁርስ ሳይበሉ እንዳይውጡት፣ ወይም ሐኪሙ እንዳለው ያድርጉ፤ እኔ ሐኪሙ ምን እንዳለ መች አወቅሁና።

አሁን ወረቀት አለኝ አባባ። ከዚህ ቀጥታ በረራ አለ፤ ዛሬ ብነሳ በማግስቱ እደርሳለሁ። ፈቃድም አላወጣሁበትም፣ ተጠራቅሞ አለ። የምፈልገው በጊዜ መስማት ብቻ ነው። እኔ ቤት ሌላ መርዶ ነጋሪ እንዳይመጣብኝ።

ቅዳሜ በእናንተ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ካሜራው ይከፈት። ከዚያ በፊት እታለም የሐኪሙን ወረቀት ከነማህተሙ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትላክልኝ፤ የመድኃኒቶቹንም ካርቶን። ልጁ አዲስ ጥያቄ ይዞ ይጠብቅዎታል። የመርከብ ሞተር በባህር ውሃ እየቀዘቀዘ ጨው እንዴት አይበላውም ነው የሚለው። ተራው ግን ከእኔ በኋላ ነው፤ ወረቀቱን ሳላይ ስልኩን አልሰጠውም።

ልጅዎ